ዋልዳ፦ የአየር ኃይሉን ሰው ያገኘሁበት ሜዳ

እስከ ሐዋሳ ያለውን መንገድ አውቀዋለሁ። ከዲላ ወዲያ ያለው ግን ለእኔ ፍጹም አዲስ አገር ነው። የጌዴኦ ቡናና እንሰት ግራና ቀኝ ጥላ እየሠራ ይሸኛል፤ ይርጋጨፌ ላይ አየሩ ራሱ ቡና ቡና ይላል፤ ቡሌ ሆራን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ደኑ ሳሳ፣ ሳሳና ድንገት አለቀ። ከዚያ ቦረና! ቀይ አፈር፣ አናቱ ጠፍጣፋ ግራር፣ ከሰው ቁመት እጅግ የሚረዝም የምስጥ ኩይሳ፣ ነጭ የቦረና ከብት፣ ግመል፣ ደግሞም ግመል። ዱብሉቅ አካባቢ ወጣቶች በጥልቁ የቱላ ጉድጓድ ውስጥ ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ የውኃውን ዕቃ እየተቀባበሉ፣ በዜማ ከብት ሲያጠጡ አየሁ። መኪናው ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፤ እኔ ግን መሄድ አልፈለግሁም። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፤ ውኃ ሲዘመርለት ሰምቼ አላውቅም።

ከሜጋ ከፍታ ወደ ሞያሌ ሲወረድ ደግሞ ሜዳው ይዘረጋል። ቤትና አጥር፣ ተራራና ገደል ከለመደ ዓይን ፊት እንዲህ ያለ ስፋት ሲቀርብ ደረት ይከፈታል። እስከ አድማስ አንድም የሚከለክል ነገር የለም። «ያ ሁሉ ኬንያ ነው» አለኝ ሾፌሩ፣ ጣቱን ወደ ደቡብ ዘርግቶ። ኬንያ! በካርታ ላይ ብቻ የማውቃት አገር ዓይኔ ሥር ተኝታለች።

ሞያሌ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ከተሞች ናት። ኅዳር 2013 የተመረቀውን የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ አልፌ ማዶ ስደርስ መጀመሪያ ያስደነቀኝ መኪናው ነው፤ በቀኝ ስንነዳ የነበርን ሰዎች በግራ መንዳት ጀመርን። ብሩ ሺሊንግ ሆነ። እንጀራው ቻፓቲ ሆነ። ሻዩ ከወተትና ከዝንጅብል ጋር አብሮ ፈልቶ በትልቅ ኩባያ መጣ። ሁሉ ነገር ተቀየረ ብዬ ስገረም አንድ ያልተቀየረ ነገር አገኘሁ፦ ሰዓቱን። ስዋሂሊ ተናጋሪውም እንደ እኛው ሰዓቱን ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ ይቆጥራል፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ለእሱም አንድ ሰዓት ነው። ከአገሬ ውጭ በእኔ ሰዓት የሚኖር ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበርና ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ቦረናኛው፣ ቡርጂኛው፣ ሶማልኛው፣ አማርኛው በአንድ ሻይ ቤት ውስጥ ሳይጋፉ ይሰማሉ። ሰላምታ ለመስጠት በየትኛው ቋንቋ እንደምጀምር ስጨነቅ ሁሉም በአማርኛ «ደህና ዋልሽ?» ይሉኛል።

ወደዚህ የመጣሁት ግን ለድንበሩ ብቻ አልነበረም። ዋልዳ የሚለውን ስም በልጅነቴ ከጎረቤት ሰዎች አፍ ሰምቼዋለሁ። ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን በደቡብ በኩል ወደ ኬንያ የተሻገሩ ኢትዮጵያውያን የሰፈሩበት ካምፕ እዚያ ነበር። ስሙ በተጠራ ቁጥር ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ስለዚህ ዋልዳ በሐሳቤ የጨለመ፣ ሰው የማይደርስበት ቦታ ነበር። ሻይ ቤቱ ውስጥ «ዋልዳን ማየት እፈልጋለሁ» ስል አንድ ሾፌር ሳቅ ብሎ፣ «ነገ ባሻን ይዤ እዚያው ነኝ። የውኃ ሞተር ተበላሽቶ ሊሠሩ ይሄዳሉ። ከፈለግሽ ነይ» አለኝ።

ባሻ ማን እንደሆኑ አልጠየቅሁም። ጠዋት መኪናው ዘንድ ስደርስ ቀጭን፣ ቀጥ ብለው የሚቆሙ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የቆለፉ አዛውንት የመፍቻ ሣጥናቸውን አቅፈው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጢማቸው በጥንቃቄ ተላጭቷል። «እንደምን አደሩ አባባ» ስል፣ «እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፤ ቀበቶሽን እሰሪ» አሉኝ። መኪናው ከመነሳቱ በፊት ወርደው አራቱንም ጎማ በእጃቸው እየነኩ ዞሩት። ሾፌሩ ለምዶታል መሰል ዝም ብሎ ጠበቃቸው።

ከሞያሌ ወደ ማርሳቢት የሚወስደው አስፋልት እንዴት ያለ መንገድ ነው! ቀድሞ ይህ ጉዞ በአቧራና በድንጋይ ቀናት ይፈጅ እንደነበር ሁሉም ያወራል። አሁን ጥቁሩ መስመር በቀዩ ሜዳ መካከል ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በስተቀኛችን የድንበሩ ተራሮች ሰማያዊ ሆነው ይከተሉናል፤ ከእነሱ በላይ አገሬ አለች። አገሬን ከውጭ፣ ከግርጌዋ ሆኜ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ምን ያህል ከፍ ያለች አገር እንደሆነች የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ዋልዳ ስንደርስ የጠበቅሁት ጨለማ አልነበረም። ብርሃን ነበር። ሜዳው ላይ ግራሮች ተራርቀው ቆመዋል፤ ፍየሎች በሁለት እግራቸው ቆመው ቅጠል ይለቅማሉ፤ ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች እየሮጡ መጥተው መኪናውን ከበቡ። በአንድ ወቅት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ድንኳን ተክሎ የኖረበት ምድር አሁን የከብት አርቢዎች መንደር ነው። «ካምፑ የቱ ጋ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ። ባሻ በእጃቸው ሰፊ ክብ ሠሩ፤ «የምታዪው ሁሉ» አሉ።

ከዚያ ወደ ሥራቸው ገቡ። ሞተሩ ከጉድጓዱ ውኃ የሚስብ ናፍጣ ሞተር ነው። ባሻ አጠገቡ ተንበርክከው ጆሯቸውን ሰጡት፤ አዳመጡት። የፈቱትን ብሎን ሁሉ በንጹሕ ጨርቅ ላይ በፈቱበት ቅደም ተከተል ደረደሩ። መፍቻ አውጥተው ሲጨርሱ ወደ ሣጥኑ ይመልሱትና ሌላውን ያወጣሉ እንጂ መሬት አያስቀምጡም። ገረመኝና ጠየቅኋቸው። ቀና ሳይሉ፣ «ቢሾፍቱ የተማርነው ነው። አንድ መፍቻ ከጎደለ አውሮፕላኑ አይነሣም። ሞተር ውስጥ ተረስቶ ቢሆንስ?» አሉ።

አውሮፕላን! ባሻ የአየር ኃይል ሰው ናቸው። በቢሾፍቱው ሐረር ሜዳ ሠልጥነው፣ በኤፍ-5 ተዋጊ ጄት ላይ የመሣሪያ ባለሙያ ሆነው፣ በሶማሊያ ጦርነት ድሬዳዋ ላይ የሠሩ፣ በዚያም ሥራቸው የጦር ሜዳ ሜዳይ የተሸለሙ። እኔ ዋልዳን ፍለጋ ብመጣም፣ በዋልዳ ሜዳ ላይ በሞተር ቅባት የተነከሩ እጆች የአየር ኃይላችንን ታሪክ ዘረጉልኝ። ግራር ሥር ተቀምጬ ማስታወሻዬን አወጣሁ፤ ከዚያ በኋላ እስክሪብቶዬ አላረፈም።

ስለ አየር ኃይሉ ከዚያ በፊት የማውቀው በጣም ጥቂት ነበር። የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፈረንሳይ ሠራሹ ፖቴዝ-25፣ ነሐሴ 1921 አዲስ አበባ እንዳረፈ፤ እነ ሚሽካ ባቢቼፍ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች እንደሆኑ፤ ከድል በኋላ ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን መጥቶ ኃይሉን ቢሾፍቱ ላይ እንደገና እንዳቋቋመው አንብቤያለሁ። ባሻ ግን ፎን ሮዘንን ሲያነሡ ሥራቸውን አቆሙ። ሰውየው በፋሽስት ወረራ ጊዜ በቀይ መስቀል አውሮፕላን ቁስለኛ ያመላልስ ነበር፤ በስተርጅናውም ለድርቅ ተጎጂዎች እህል ሊያደርስ ተመልሶ መጥቶ፣ ሐምሌ 1969 ጎዴ ላይ የሶማሊያ ወገን ጥቃት ሲከፈት ሕይወቱ አለፈ። «የእኛን አየር ኃይል የሠራው ሰው ጦርነታችን ሲጀመር አብሮን ሞተ» አሉ ባሻ።

በዚያው ሐምሌ የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴንን ወረረ። ሶማሊያ ከሶቭየት ኅብረት የተቀበለቻቸው ሚግ-21ና ሚግ-17 ጄቶች ነበሯት። ኢትዮጵያ ደግሞ ከአሜሪካ ጋር የነበራት ወዳጅነት እየተበጠሰ፣ ካዘዘቻቸው 16 አዳዲስ ኤፍ-5ኢ አውሮፕላኖች የደረሷት 8 ብቻ ነበሩ። ከእነሱ ሌላ የቆዩት ኤፍ-5ኤዎች ነበሩ። ይህን ስሰማ ልቤ ፈራ፤ ከ40 ዓመት በላይ ባለፈው ጦርነት የምንሸነፍ መሰለኝ! ባሻ ፊቴን አይተው ፈገግ አሉ።

«ሚጉ በፍጥነት ይበልጠን ነበር» አሉ። «ነገር ግን ልጆቻችን አሜሪካ የሠለጠኑ ናቸው፤ አውሮፕላኑን እንደ ራሳቸው እጅና እግር ያውቁት ነበር። አፍንጫው ላይ ሁለት መድፍ፣ ክንፉ ጫፍ ላይ ሁለት ሳይድዋይንደር ሚሳይል። ካራማራ ላይ ያለው ራዳራችን ጠላት ሲነሣ ይነግረናል። በቃ፣ ቀድሞ ያየ ያሸንፋል።»

እነ በዛብህ ጴጥሮስ፣ እነ ባጫ ሁንዴ፣ እነ አሸናፊ ገብረ ጻድቅ በዚያ ክረምት የሶማሊያን ሚጎች ከሰማይ አወረዱ። ነሐሴ ላይ የሶማሊያ ታንኮች የድሬዳዋ በር ላይ ሲደርሱ አውሮፕላኖቹ ከሜዳው ተነሥተው ወዲያው በሜዳው ዙሪያ ይተኩሱ ነበር። ጂግጂጋ መስከረም 1970 ቢያዝም ሰማዩ ግን ከኢትዮጵያውያን እጅ አልወጣም፤ የመልሶ ማጥቃቱም ኩባውያን ወታደሮችና ሶቭየት ሠራሽ መሣሪያ ታክለውበት የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራ ላይ በድል ተፈጸመ።

አንድ ሌላ ስም ሲጠሩ ግን ባሻ ቆባቸውን አወለቁ፦ ብርጋዴር ጄኔራል ለገሠ ተፈራ። የጄኔራሉን አውሮፕላን ያሰናዱት ሌሎች ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ እሳቸው ያንን ክብር ለራሳቸው አልወሰዱም። ለገሠ ተፈራ በኤፍ-5 የጠላት ጄቶችን በአየር ላይ ፍልሚያ የጣለ፣ የምድር ጦሩን ደግሞ ከአናቱ ሆኖ የመታ አብራሪ ነው። በመጨረሻ አውሮፕላኑ ተመታና በጠላት እጅ ወደቀ። ያን ጊዜ የጀመረው ምርኮ 11 ዓመት ያህል ፈጀ። አሥራ አንድ ዓመት! እኔ በዚያ ዕድሜ ውስጥ ትምህርት ቤት ገብቼ ልጨርስ ደርሻለሁ። አንድ ሰው ሰማይ ለምዶ በሶማሊያ እስር ቤት ግድግዳ መካከል ያን ያህል ጊዜ እንዴት ይቀመጣል? በ1980 ሁለቱ መንግሥታት ተስማምተው ምርኮኞች ሲለዋወጡ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ የአገሪቱን የላቀ የጀግና ሜዳይም ተሸለመ።

«እኛ ከታች የቀረነው ምን እንደምናይ ልንገርሽ» አሉ ባሻ፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። «ሚሳይሉና መድፉ በስሕተት እንዳይተኩስ የደህንነት ፒን አለው፤ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል። ጄቱ ሊነሣ ሲል እኔ ፒኑን እነቅላለሁ። እጄን ከፍ አድርጌ ለአብራሪው አሳየዋለሁ። ይቆጥረዋል። አውራ ጣቱን ያነሣልኛል። ይሄዳል። ሲመለስ መልሼ እሰካለሁ። አንዳንድ ጊዜ ግን አይመለስም፤ ፒኑ እጄ ላይ ይቀራል።»

ምንም መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ቀን በፊት ስለ አየር ኃይል ሳስብ የሚታየኝ የራስ ቁር ያጠለቀ አብራሪ ብቻ ነበር። አንድ ጄት ሰማይ ላይ ለመገኘት ሞተሩን በአየር የሚያስነሣው፣ ጥይት የሚደረድረው፣ ነዳጅ የሚሞላው፣ ጎማ የሚነካው፣ ሌሊቱን በባትሪ ብርሃን ሲጠግን የሚያድረው ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ የነገረኝ አልነበረም። ለካ የሜዳዩ አንዱ ጫፍ ምድር ላይ ነው የተያዘው!

ሌላውን ታሪክ ባሻ ፈጠን ብለው አለፉት። ግንቦት 8 ቀን 1981 የጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ አየር ኃይሉ አዛዡን ሜጀር ጄኔራል ዐምሃ ደስታንና የቀድሞ አዛዡን ሜጀር ጄኔራል ፋንታ በላይን አጣ። ሁለት ዓመት አለፈና ግንቦት 1983 መጣ፤ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ወጡ፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ፣ ሠራዊቱ ተበተነ። አንዳንዱ ወደ ቤቱ፣ አንዳንዱ ወደ ጅቡቲ፣ አንዳንዱ በዚህ በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ። ባሻ ከቢሾፍቱ ወጥተው በእግርም በመኪናም ዋልዳ ደረሱ።

«ስንደርስ ምንም የለም» አሉ። «ነፋስ፣ አቧራ፣ ሙቀት። ለውኃ ሰልፍ ይዘን እንውላለን። ብዙ ሰው ቀበርን።» ከተቀበሩት አብዛኞቹ ጥይት ያልገደላቸው ናቸው። ወሬው ሲከብደኝ አይተው ወዲያው ሌላውን ገጽ አነሡልኝ፦ ሐኪሙ ሲያክም፣ መምህሩ ልጆችን ዛፍ ሥር ሰብስቦ ሲያስተምር፣ እሳቸው ደግሞ የተበላሸ የውኃ ሞተር ሲፈቱ። የቦረና ሽማግሌዎች ያን ጊዜ ነው ያወቋቸው። ካምፑ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተዘግቶ ስደተኛው ወደ ካኩማ ካምፕ ሲወሰድ ባሻም ተወሰዱ። ኋላ ናይሮቢ ሠሩ። ነገር ግን ሞያሌ ተመለሱ፤ የእናት አገራቸው ተራራ ወደሚታይበት፣ ሞተር የሚያስጠግን ሰው ወደማይጠፋበት።

ከሰዓት በኋላ ሞተሩ ተነሣ። አንድ ጊዜ ሳለ፣ ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ድምፁ ተስተካከለ። ውኃው ከቧንቧው ፈነዳ! ልጆቹ ጮኹ፤ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ግመሎቹ አንገታቸውን አስግገው መጡ፤ እኔም ጫማዬን ሳላወልቅ ከልጆቹ ጋር ውኃው ውስጥ ገባሁ። አንድ የቦረና ሽማግሌ ቀርበው በሁለት እጃቸው የባሻን እጅ ያዙ። ባሻ ግን ዓይናቸው ሣጥናቸው ላይ ነው፤ መፍቻዎቹን ይቆጥራሉ። አንድም አልጎደለም።

ያን ሌሊት ዋልዳ አደርን። እንዲህ ያለ ሰማይ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። አዲስ አበባ ላይ ከዋክብት ከመብራትና ከደመና ጋር ሲጣሉ ነው የማያቸው፤ እዚህ ምድሩን ሁሉ ያለብሳሉ። ስለ አብራሪዎቹ ጠየቅሁ፤ ጥያቄዬ አላለቀም፣ መልሳቸውም አልነጠፈም። ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ በ1990 በኤርትራ ጦርነት አስመራ ላይ ተመትቶ መማረኩን፣ ከዚያ ወዲያም ወደ ቤተሰቡ አለመመለሱን ሲነግሩኝ ብቻ ድምፃቸው ተሰበረ። «እኛን መንግሥት ሲቀያየር ጊዜ በተለያየ ስም ጠራን» አሉ። «ሥራችን ግን አንድ ነበር። አውሮፕላኑ በሰላም ሄዶ በሰላም እንዲመለስ ማድረግ።»

ሜዳያቸውን ማየት እንደምችል ጠየቅሁ። ከአገር ሲወጡ ቤት ትተውት እንደወጡ፣ ከዚያ በኋላ እንዳላገኙት ነገሩኝ። ምንም አላማረሩም። እኔ ግን ተቆጨሁ፤ አሁንም ይቆጨኛል። ጀግንነት በብረት ቁራጭ ብቻ የሚመሰከር ቢሆን ኖሮ ዋልዳ ላይ ያገኘሁት ሰው ማንም ሆኖ በቀረ ነበር። የመሰከሩለት በሥራ የሻከሩ እጆቹ፣ የቆጠራቸው መፍቻዎችና የወጣው ውኃ ናቸው።

ስለዚህ አንባቢዬ ሆይ፣ ሁለት ነገር እለምንሃለሁ፣ እለምንሻለሁ። አንደኛው፣ ወደ ደቡብ ሂዱ። ቦረና እንግዳ ተቀባይ ነው፤ ከያቤሎ ወዲያ ያለው አገር እንደ ላሊበላና እንደ ፋሲል ግንብ በቁም ነገር መጎብኘት ይገባዋል። ሁለተኛው ይበልጣል፦ በየቤታችሁ፣ በየሰፈራችሁ፣ በስደት አገርም ያሉትን የቀድሞ የአየር ኃይል አባላት አነጋግሩ፤ አብራሪውን ብቻ ሳይሆን መሣሪያ ሰካኙን፣ ራዳር ተመልካቹን፣ ጎማ ፈታሹን ጭምር። ድምፃቸውን ቅዱ፣ ቃላቸውን ጻፉ። በ1969 ወጣት የነበረ ሁሉ ዛሬ አዛውንት ነው፤ የሚጠየቅበት ጊዜ አሁን ነው።